የጋለ ሞተር፦ የኮሮላን ቴስታታ በግቢ ውስጥ መቀየር

ከወልዲያ ወደ ጋሸና የሚወጣ መኪና ዲልብ ዳገት ላይ ይፈተናል። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት የወልዲያ–ወረታ መንገድ ዳገቱ አያልቅም፤ ጭነቱ ከልኩ ያልፋል፣ ማርሹ ዝቅ ይላል፣ ነፋስ የሚያስገባ ፍጥነት የለም። በዚያ ላይ ከፍታው ራሱ አለ። ወልዲያ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ 3000 ሜትር ሲጠጉ ደግሞ 90 አካባቢ። ዳገት የሚወጣ ሞተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ ዲግሪ ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ እንዳይፈላ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ብቻ ነው ማለት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ቆላ ላይ ችሎ የኖረውን ዳገት ላይ ይለቀዋል። ውሃው ይተፋል፣ መለኪያው ቀዩን ይነካል፣ ሹፌሩም "ትንሽ ቀረኝ" ብሎ ይገፋል።

ጉዳቱ የሚመጣው በዚያች "ትንሽ" ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሲሊንደሮቹን የያዘው ሞኖብሎኮ ብረት፣ ከላይ የሚከድነው ቴስታታ አሉሚኒየም በሆነ ሞተር ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቴስታታው ይጣመማል፤ መሃል ላይ የተቀመጠው ጋስኬት ይቃጠላል። በመርሳና በወልዲያ ከተሞች ጋስኬት ተቀይሮለት ብዙ ሳይቆይ መልሶ የሚያቃጥል መኪና የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ብሎን መፍታትና ማሰር ከባዱ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ለምን እንደጋለ ሳይታወቅ፣ የቴስታታውም ፊት ቀጥ ማለቱ ሳይለካ ስለሚገጠም ነው የሚመለሰው።

የምናየው ሞተር 1.6 ሊትሩ የቶዮታ ኮሮላ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ሌላ መኪና ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን ወስዶ ልኮቹን ከራሱ ሞተር መጽሐፍ ይፈልግ። ጽሑፉ ዘይትና የፍሬን ሸራ ራሱ ለሚቀይር፣ ቁልፍ ለለመደ ሰው ነው።

በርግጥ ቴስታታው ነው?

ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው አፉ ድረስ ውሃ ይሙሉ። ከዚያ አስነስተው አፉን ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አየር ቢወጣ አያስደነግጥም፤ ሳይቋረጥ የሚፈልቅ አረፋ ግን ከሲሊንደር የሚያመልጥ ጋዝ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ሲጨበጥ ከደረቀም ነገሩ ያው ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፤ ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። በመሙያው ክዳን ላይ ብቻ የሚታይ ነጭ ዝቃጭ ግን ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ ከእርጥበት የተነሳ ሊፈጠር ስለሚችል ብቻውን አይመኑት።

ውሃው የሚጎድለው ከፖምፓው፣ ከማኒኮቶው ወይም ከራዲያተሩ በሚወርድ ጠብታ ከሆነ ቴስታታውን አይንኩ።

መፍታት

አንድ ነገር ካልተሟላ ሥራው አይጀመር፦ የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ የቶርክ ቁልፍ። ከጋራዥ ተውሰውም፣ ተከራይተውም ያግኙት። በክንድ ግምት የታሰረ ቴስታታ አንዱ ጎኑ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። ከዚህ ሌላ ጥሩ የቡሶላ ስብስብ፣ ክፍተት በቀጫጭን ቅጠል የሚለካ ስፔሶርና ያልተጣመመ የብረት ማስመሪያ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ያድር። የሞቀ ቴስታታ ሲፈታ ያልተጣመመውም ይጣመማል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ። የቤንዚኑን መስመር ግፊት ሳያስተነፍሱ ቱቦ አይፍቱ፤ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ጀበና የተጣደበት ከሰል ካለ እንዲነሳ ይጠይቁ። የቤንዚን ትነት በመሬት ላይ ተስቦ ይሄዳል፣ እሳቱ ራቅ ማለቱ ብቻ አይበቃም። ከራዲያተሩ የሚወርደውን ኩላንት በባልዲ ይቀበሉና ይክደኑት፤ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ፍየልም ይቀምሰዋል፣ መርዝ ነው።

እያንዳንዱን ነገር ከመንቀል በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ለየሽቦውና ለየቱቦው በፕላስተር ቁጥር ይለጥፉ። ለብሎኖች ካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርጽ ስለው ቀዳዳ ያብጁና እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩ። የዚህ ሞተር የቴስታታ ብሎኖች 10 ሲሆኑ ርዝመታቸው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቢቀላቀሉ ኋላ ዋጋ ያስከፍላሉ።

የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስተን የላይኛው ጫፍ ላይ እንዲደርስ ሞተሩን በእጅ አዙረው የፋዜ (የታይሚንግ) ምልክቶቹን ያጋጥሙና ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ የታይሚንግ ቺንጋውን ያውልቁ። ስፒንትሮጅኑን ከማውጣትዎ በፊት አቀማመጡን በቀለም ምልክት ያድርጉበት። የጭስ ማውጫው ዳዶዎች ዝገው ከሆነ ዘይት አጠጥተው ያሳድሯቸው፤ በጉልበት ሲፈቱ ይቆረጣሉ፣ የተቆረጠውን ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የቴስታታውን ብሎኖች ለማግኘት ካምሻፍቶቹ መነሳት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ ይበሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው ማርሽ በስፕሪንግ የተወጠረ ድርብ ጥርስ አለው፤ በትንሽ ብሎን ካልታሰረ ይፈናጠራል። የካምሻፍት ክዳኖቹን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሁሉንም እኩል እያላሉ ይፍቱ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከተለቀቀ ቫልቮቹ ሲገፉት ካምሻፍቱ ሊሰበር ይችላል። ክዳኖቹን በተጻፈባቸው ቁጥር ያስቀምጡ።

የቴስታታው ብሎኖች ከዳር ወደ መሃል፣ በሁለት ሦስት ዙር ይላላሉ። ከዚያ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። አልላቀቅ ካለ በካቻቢቴ መሃሉን አይፈልቅቁ፤ አንድ ጭረት ለውሃ መንገድ ይሆናል። በእንጨት ጎኑን መታ መታ ያድርጉ።

ጋስኬቱ የሚናገረው

ጋስኬቱን ከማውለቅ በፊት ብርሃን ላይ ይዩት። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ባለው ቀጭን ክር ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ከተሻገረ ጋዙ የሾለከው በዚያ ነው። ከሲሊንደር ወደ ውሃ ቀዳዳ የሚሄድ መስመርም እንዲሁ። ፒስተኖቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ሦስቱ በካርቦን ጠቁረው አንዱ የታጠበ ንጹሕ ከሆነ፣ ውሃ ሲገባበት የኖረው እሱ ነው። ያ ሲሊንደር ባለበት ቦታ ላይ ቴስታታውን በአጉሊ መነጽር ይፈትሹ፤ በቫልቮቹ መቀመጫ መካከልና ወደ ካንዴላው ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅ የተለመደ ነው።

ከዚያ ልኬት። ፊቱን ጋስኬት እስኪጠፋ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቁ፤ የአሸዋ ወረቀት አይጠቀሙ፣ ቅንጣቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚና ይበላል። ማስመሪያውን በርዝመቱ፣ በጎኑና በሁለቱም ሰያፍ አቁመው ከስሩ ስፔሶር ይሞክሩ። ለዚህ ሞተር ገደቡ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.05 ቅጠል ከገባ ቴስታታው መላግ አለበት። የሞኖብሎኮውንም ፊት በዚያው መንገድ ይለኩ፤ ብረት ስለሆነ አይጣመምም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው።

ቴስታታ የሚልግና በግፊት ስንጥቅ የሚፈትሽ ማሽን ቤት ቅርብ ካልተገኘ ደሴ መሄድ ነው፤ ከወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከላዩ ምንም ሳይጫን ይሂድ። የላጊውን ገንዘብ ለማዳን ብሎ "ጋስኬቱ ይሞላዋል" ማለት ሁለተኛውን ጋስኬት አስቀድሞ ማቃጠል ነው።

የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ይገዛል። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ለሚያመጣ ሰው መመለሻው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ምርመራው እዚያው ይለቅ። አሮጌውን ጋስኬት ይዘው ይሂዱና ቀዳዳዎቹን ያስተያዩ። ማስመሪያውንና ስፔሶሩንም ይያዙ። በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ዝገት የበላውን አይውሰዱ። ውፍረቱን በካሊበር ይለኩ፤ ደጋግሞ የተላገ ይሳሳል። ከሁሉም በላይ የካምሻፍት ክዳኖቹ የራሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ክዳኑና ቴስታታው አንድ ላይ ስለሚቦረቦሩ ከሌላ ቴስታታ የመጣ ክዳን ልክ የገጠመ ቢመስልም ካምሻፍቱን ይይዘዋል። ገዝተው ሲመለሱ ካንዴላዎቹን አስረው፣ ገልብጠው፣ ጉድጓዶቹ ላይ ነጭ ጋዝ ያፍስሱ፤ በቫልቮቹ በኩል ከሾለከ ቫልቮቹ ከመቀመጫቸው ጋር መፈተግ አለባቸው።

መግጠም

በሞኖብሎኮው የብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ካለ በጨርቅና በአየር ያውጡት። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ብሎኑ ሲወርድ ብረቱን ከውስጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ጥንቃቄ የሚዘነጋበት ቦታ ይህ ነው፣ ጥፋቱም አይታረም። መርሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አቧራ ካስነሳ ሲሊንደሮቹን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይጠብቁ።

አዲሱ ጋስኬት በደረቁ ይቀመጣል፤ ሲሊኮን አይቀባም። የተጻፈበት ወገን ወደ ላይ፣ ሁሉም ቀዳዳ ከቀዳዳው ጋር። የብሎኖቹን ጥርስና የጭንቅላታቸውን ስር ዘይት በስሱ ይቀቡ። የተለጠጠ ወይም ጥርሱ የተጎዳ ብሎን አይመለስ።

ማጥበቅ የሚጀምረው ከመሃል ነው፤ ግራ ቀኝ እያሉ ወደ ዳር። ሁሉንም በደረጃ እስከ 29 ኒውተን ሜትር ያድርሱ። ከዚያ በየብሎኑ ጭንቅላት ላይ ወደ ፊት ለፊትዎ ነጥብ ቀለም ያድርጉና በዚያው ቅደም ተከተል እያንዳንዱን 90 ዲግሪ ያዙሩ። በመጨረሻም ሌላ 90። ሲጨርሱ አስሩም ነጥቦች በተቃራኒው አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ያልተሰለፈ ካለ ያ ብሎን ተረስቷል።

ካምሻፍቶቹን እንደተፈቱት በጥቂት በጥቂቱ ይሰሩ፣ የቫልቮቹን ክፍተት በስፔሶር ይለኩ፣ ቺንጋውን ያስገቡ። ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት ክራንክሻፍቱን በቡሶላ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩ። የሚይዝ ነገር ካለ ይቁሙ። የፋዜ ምልክቶቹ እንደገና ካልተጋጠሙ ቺንጋው ጥርስ ዘሏል።

የጋለበት ምክንያት

ይህን ሳይሠሩ ሞተሩን አያስነሱ። የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት ከተደፈኑ ከኋላ ወደ ፊት በውሃ ይታጠቡ። ክዳኑ አዲስ ይሁን፤ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ እሱ ነው። የፖምፓው ክንፎች በዝገት ያለቁ እንደሆነ ይታዩ፣ የቬንትሌተሩ ሞተር መነሳቱ ይፈተሽ።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ እንደ መፍትሔ ይሰጣል። አልስማማም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በወልዲያ ጠዋት ሳይሞቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻና ሲሊንደር ያልቃል፤ የተደፈነው ራዲያተርም እንደተደፈነ ይኖራል። አሮጌውን ከውሃ ጋር ጀበና ላይ ሳይሆን በተለየ ጣሳ አፍልተው ይሞክሩት፤ ካልተከፈተ ይቀይሩት።

የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ በሞተሩ የውሃ መተላለፊያዎች ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ኩላንቱ ያልተቀጠነ ከሆነ የተጣራ ውሃ፣ ካልተገኘም ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የክረምት ውሃ ይቀላቀልበት።

ማስነሳት

ዘይቱና ፊልትሮው አዲስ ይሁኑ። ውሃ ዘይት ውስጥ ገብቶ ከነበረ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ እንደገና ይለወጥ፤ በየጥጋጥጉ የቀረው ነጭ ዝቃጭ አንድ ጊዜ አይወጣም። ኩላንቱን የካቢኑ ማሞቂያ ተከፍቶ ቀስ እያሉ ይሙሉ፣ ማኒኮቶዎቹን በእጅ እየጨመቁ አየሩን ያስወጡ።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ጭስ ይኖራል፤ የቀባነው ዘይት እየተቃጠለ ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የታችኛው ማኒኮቶ ይሞቃል፣ ውሃው ዝቅ ሲል ይሞላል። ቬንትሌተሩ ተነስቶ መልሶ እስኪጠፋ ከአጠገቡ አይራቁ።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ያለ ጭነት ይሁን፤ የዲልብ ዳገት ለሌላ ሳምንት ይቆይ። ለተከታታይ ጠዋቶች ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የውሃውን ልክ ይዩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ቢጎድል የቀረ አየር ነው፤ ከዚያም በኋላ መጉደሉን ከቀጠለ መኪናውን ያቁሙና የአረፋውን ሙከራ እንደገና ያድርጉ።