ቀሪው ስንት ኪሎ ነው?

ቆሻሻን መልሶ ስለ መጠቀም ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ትልቅ ፋብሪካ ነው። ዛሬ ግን ከቤት ደጃፍ እንጀምር። ምሳሌ የምናደርገው በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በትሬቪዞ አውራጃ የሚሠራውን ኮንታሪና የተባለ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ንብረት ነው። ወደ 50 በሚጠጉ ማዘጋጃ ቤቶች ሥር የሚኖር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያገለግላል። ከሚሰበስበው ቆሻሻ ከመቶ 85 ያህሉ በየዓይነቱ ተለይቶ ይደርሰዋል። እንዴት ሆነ? ሳንቸኩል አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፦ ገንዳው ከመንገድ ይነሳል። የጋራ ገንዳ ውስጥ ማን ምን እንደጣለ አይታወቅም፤ ስለዚህ ጠያቂም ተጠያቂም የለም። ኮንታሪና ለየቤቱ የየራሱን ማጠራቀሚያዎች ሰጥቶ፣ ቀን ለይቶ ከደጃፍ ይሰበስባል።

ሁለተኛ፦ የምግብ ትራፊ ለብቻው ይቀመጣል። ወጥ የፈሰሰበት ወረቀት ተመልሶ ወረቀት አይሆንም፤ ወረቀቱም ትራፊውም ይበላሻሉ። ለብቻው የተሰበሰበ ትራፊ ግን ኮምፖስት ሆኖ ወደ አፈር ይመለሳል። ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አየር በሌለበት ቢቀበር ደግሞ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ ይበረታል። በጓሮው ኮምፖስት የሚያዘጋጅ ቤተሰብም የክፍያ ቅናሽ ያገኛል።

ሦስተኛ፦ ለቀሪው ዋጋ ይወጣለታል። ቀሪ የምንለው ከየትኛውም ዓይነት የማይመደበውን ነው። የቀሪው ማጠራቀሚያ ትንሽ ቺፕ አለው፤ በተገለበጠ ቁጥር ይመዘገባል። ክፍያው ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ በቤተሰቡ ቁጥር የሚወሰን ቋሚ ክፍያ፣ ሌላው እንደ ምዝገባው የሚጨምርና የሚቀንስ። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል፤ የቤተሰባቸው ቁጥር እኩል ነው። አንዱ በዓመት 6 ጊዜ፣ ሌላው 20 ጊዜ ቀሪውን ቢያወጡ፣ ቋሚው እኩል ሆኖ ሁለተኛው በተለዋዋጩ ብዙ ይከፍላል። «ታዲያ ሰው ክፍያ ሽሽት ቆሻሻውን ጫካ አይጥልም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቋሚው ክፍያ ጫካ ለጣለም አይቀርለትም፤ ተቆጣጣሪም አለ። ወረቀቱ፣ ጠርሙሱና ትራፊው ደግሞ በተለዋዋጩ ክፍያ ስለማይቆጠሩ፣ ከመሸሽ ይልቅ መለየት ይቀላል።

አራተኛ፦ የቀረው ይመረመራል። ሁሉም ከተለየ በኋላ ምን ቀረ? ለምሳሌ የሕፃናት ዳይፐር። በዚያው አውራጃ፣ በስፕሬዚያኖ፣ ያገለገለ ዳይፐርን በእንፋሎት አጽድቶ ፕላስቲኩን፣ የእንጨት ጭረቱንና ፈሳሽ መጣጩን ንጥረ ነገር የሚለያይ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚጀመረው ቀሪውን ከፍቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ነው።

አምስተኛ፦ ስሌቱ። ደብተር አውጡ። በአንድ ከተማ እያንዳንዱ ሰው በዓመት 500 ኪሎ ቆሻሻ ያወጣል፤ ከመቶ 80ው ይለያል። በሌላ ከተማ ሰው 300 ኪሎ ያወጣል፤ ከመቶ 70ው ይለያል። ማን በለጠ? በመቶኛ የመጀመሪያው። ቀሪውን ስናሰላ ግን የመጀመሪያው 100 ኪሎ፣ ሁለተኛው 90 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ከተማ ያነሰ ለይቶም ያነሰ ቀሪ ተረፈው፤ ምክንያቱም ከመነሻው ያወጣው ትንሽ ነው። ኮንታሪና በሚያገለግለው አካባቢ የአንድ ሰው ቀሪ በዓመት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከመቶ 85 ከሚለው ቁጥር ይልቅ ስለ ሥራው በይበልጥ የሚናገረው ይህ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ጨምሩ። የተለየ ሁሉ መልሶ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት አይደለም። በመለያ ጣቢያ የቆሸሸውና ያለ ቦታው የገባው ይጣላል፤ ከመቶ 85 የሚለው ቁጥርም የሚለካው ከዚያ በፊት፣ በተሰበሰበበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የትኛውም ከተማ «ከመቶ ይህን ያህል ለየሁ» ሲል ብትሰሙ፣ ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት፦ በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ወጣ? ስንት ኪሎ ቀረ? ከተለየውስ ስንቱ በእርግጥ ዳግም ዕቃ ሆነ? ሦስቱን ሳይመልስ የነገራችሁን መቶኛ ገና እንዳልተጠናቀቀ ስሌት ቁጠሩት።