የወደብ ጥበቃ ሥልጣን አከፋፈል፦ ከጋምቤላ እስከ መተማ

ዳግማዊ ምኒልክና የብሪታንያው ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈረሙት ውል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ድንበርና ስለ ዓባይ ውኃ ነው። ያው ሰነድ ግን ወደብን ማን ይጠብቅ የሚለውን ጥያቄም ሳይቋጭ ትቶታል።

አንቀጽ 1 ሥልጣንን በቦታ ይከፍላል። መስመሩ በገላባት በኩል አልፎ ወደ ዓባይ ሲወርድ መተማ፣ ከዚያም ዛሬ ገለጉ የምትገኝበት ቋራ በምሥራቅ ይቀራሉ። ሻለቃ ግዊን በ1895 ዓ.ም. መሬት ላይ ያኖረው ምልክት እስካሁን ቢያከራክርም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ከመስመሩ ማዶ የተፈጸመ ወንጀል የማዶው መንግሥት ጉዳይ ነው።

አንቀጽ 4 በአንጻሩ ሥልጣንን በሥራ ዓይነት ይከፍላል። በኢታንግ አካባቢ የባሮ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት የሱዳን መንግሥት ተከራይቶ በንግድ ጣቢያነት እንዲያስተዳድር ይፈቅዳል፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል ግን ይከለክላል። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ታዲያ ፖሊስ ከየትኛው ወገን ይመደባል? የቡና መጋዘን የሚጠብቅ ዘበኛ የንግድ አገልጋይ ነው ማለት ይቻላል። ያው ዘበኛ የምኒልክን ዜጋ ሲያስር ግን የሚሠራው የመንግሥትን ሥራ ነው፤ በእኔ ንባብ ይህ ከፖለቲካ ሊለይ አይችልም። አንቀጹ ስለ እስርም ስለ ዳኝነትም አንድ ቃል የለውም። ኪራዩ የወንዙን ዳር እንጂ ወንዙን አይጠቅስም፤ ስለዚህ ከዳር ታስሮ በውኃ ላይ የቆመ ጀልባ በማን ሥልጣን ሥር እንደሚውል እንኳ ከቃሉ አይታወቅም። መርከቦች በክረምት ብቻ በሚደርሱበት ወደብ፣ ዕቃ ወራት ተከማችቶ በሚቆይበት ሁኔታ፣ ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አልነበረም።

ኪራዩ በ1948 ዓ.ም. ከሱዳን ነጻነት ጋር አበቃ። በሥራ ዓይነት የመክፈል ዘዴው ግን ዛሬ በመተማ ይታያል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል ፖሊስና የመግቢያና መውጫ ቁጥጥር የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ በአንቀጽ 52 ደግሞ የክልሉን ሰላምና ጸጥታ የክልሉ ፖሊስ ያስጠብቃል። በጉምሩክ ቅጥር ግቢ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ዙሪያ ጠብ ቢነሳ ሁለቱም ይመለከታቸዋል። የዛሬዋ መተማ ከ1894ቷ መተማ ይልቅ ለጋምቤላ ትቀርባለች፤ ልዩነቱ፣ የጋምቤላን ክርክር የሚፈቱት ዲፕሎማቶች ሲሆኑ የመተማን የሚፈታ አንድ ሕገ መንግሥት መኖሩ ነው።