የሰላጣ ማጣፈጫ በጣሊያኖች ወግ፦ አሠራሩና አቀማመጡ

ከአገሩ ርቆ በማደሪያ ቤት የሚኖር ተማሪ በምግብ ረገድ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲያደርግ ይታያል። ወይ ከሱቅ የተዘጋጀውን እየገዛ ኪሱን ያራቁታል፤ ወይ ደግሞ እጁ የገባውን ሁሉ ቀላቅሎ ይበላል። ለዚህ የሰላጣ ማጣፈጫ ጥሩ ምሳሌ ነው። «የጣሊያን» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ዓይነት ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ ጊዜ ክፍላችን ውስጥ ልንሠራው እንችላለን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ አሠራሩን፣ ቀጥሎም አቀማመጡን እንመለከታለን። ሁለተኛው ክፍል የሕይወት ጉዳይ ስላለበት አንባቢያን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት አደራ እንላለን።

1/ ስለ ስሙ

ነጭ ሽንኩርት፣ ቅመማ ቅመምና ብዙ ጊዜም ስኳር የገባበት የጠርሙስ ማጣፈጫ ስሙ የጣሊያን ይሁን እንጂ የተስፋፋው በሰሜን አሜሪካ ነው። በጣሊያን አገር የተለመደው የወይራ ዘይት፣ የወይን ኮምጣጤና ጨው ማዕድ ላይ ቀርቦ፣ ሰላጣው ሊበላ ሲል ማጣፈጥ ነው። እኛ አገር ኮምጣጤን «አቼቶ» የምንለው ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደን ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቀው የአሴቲክ አሲድ ስምም የመጣው ኮምጣጤ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል ነው።

ጣሊያኖች ስለ መጠኑ ሲናገሩ ሰላጣ ለማጣፈጥ አራት ሰዎች ያስፈልጋሉ ይላሉ። ጨው የሚጨምር ብልህ፣ ኮምጣጤ የሚጨምር ቆጥቋጣ፣ ዘይት የሚያፈስ ለጋስ፣ የሚያማስል ደግሞ እብድ። ሙያው በሙሉ በዚህ አባባል ውስጥ አለ።

2/ ለአራት ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሀ/ 6 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፤
ለ/ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ወይም የሎሚ ጭማቂ፤
ሐ/ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤
መ/ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፤
ሠ/ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ኦሬጋኖ፣ ካልተገኘ የደረቀ በሶብላ፤
ረ/ ጥቂት ቁንዶ በርበሬና አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት።

ዕቃው ክዳን ያለው ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል። አሲድ መዳብን ስለሚያሟሟ በመዳብ ዕቃ መሥራት አይገባም።

3/ አሠራሩ ከነምክንያቱ

በመጀመሪያ ጨውን በአቼቶው ውስጥ እናሟሟለን። ጨው በውሃ እንጂ በዘይት ስለማይሟሟ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ከታች ይዘቅጥና አንዱ ጉርሻ ጨው የበዛበት፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። ቀጥሎ ሰናፍጩን፣ ኦሬጋኖውንና ቁንዶ በርበሬውን ጨምረን አሥር ደቂቃ ያህል እንተወዋለን። ደረቅ ቅጠል ጣዕሙን የሚሰጠው ከራሰ በኋላ ነው።

ከዚያም ዘይቱን ጨምረን፣ ክዳኑን ገጥመን፣ በኃይል እንንጠዋለን። ዘይትና ውሃ በተፈጥሯቸው አይዋሐዱም፤ ስንንጣቸው ግን አቼቶው ወደ ደቃቅ ጠብታዎች ይከፋፈልና በዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ይህን የመሰለው ድብልቅ ኢመልሽን ይባላል። ዝም ብለን ካስቀመጥነው ጠብታዎቹ እንደገና ይገናኙና ዘይቱ ከላይ፣ አቼቶው ከታች ይሆናል። ሰናፍጭ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ጠብታዎቹ ቶሎ እንዳይገናኙ ያዘገያቸዋል። ለጾም ወራት አገር ቤት የምናውቀው ሰናፍጭ እዚህም ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን መክተፍ አያስፈልግም። ፍንካቹን ለሁለት ከፍሎ የሰላጣውን ሳህን ውስጡን ማሸትና ፍንካቹን ማስወገድ ይበቃል። የሰላጣው ቅጠል ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ቅጠል ዘይት አይዝም። ማጣፈጫው የሚፈስበትም ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከፈሰሰ ጨው ውሃውን እየሳበ ቅጠሉን ያጠወልገዋል።

4/ ለሰውነት ያለው ጥቅም

በካሮትና በአረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ የሚገኘው ካሮቲን፣ እንደዚሁም ቫይታሚን ኬ፣ ከአንጀት ወደ ደም በሚገባ የሚያልፉት ከቅባት ጋር ሲበሉ ነው። ስለዚህ ዘይት ለጣዕም ብቻ የተጨመረ አይደለም። ሆኖም አንድ ግራም ቅባት 9 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ከላይ ከተጻፈው ለአንድ ሰው የሚደርሰው ድርሻ ወደ 180 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ልክ ማወቅ ይበጃል።

አቼቶ ጀርም ይገድላል ብሎ ቅጠሉን ሳያጥቡ መብላትም ልማድ ሆኗል። ይህ ትክክል አይደለም። ማጣፈጫው ቅጠል ላይ በሚቆይበት አጭር ጊዜ የአንጀት ጥገኞችን እንቁላል አያጠፋም። ቅጠሉ አንድ በአንድ በንጹሕ የሚፈስ ውሃ መታጠብ አለበት።

5/ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ዘፍዝፎ በመስኮት ደፍ ላይ ለሳምንታት ማስቀመጥ በብዙ ማደሪያዎች የሚታይ ነገር ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ይኖራል። ስፖሩ፣ ማለትም ክፉ ጊዜን የሚያልፍበት ጠንካራ ዘሩ፣ ከአፈር በወጣ ነጭ ሽንኩርት ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ተራ የፈላ ውሃም አይገድለውም። ለማደግ የሚመቸው አየር የሌለበት፣ አሲድነቱ አነስተኛ የሆነና ያልቀዘቀዘ ቦታ ነው። ዘይት አየርን ይከለክላል፤ ነጭ ሽንኩርትም አሲድነቱ አነስተኛ ነው። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሦስቱም ተሟሉ ማለት ነው።

ባክቴሪያው የሚያመነጨው መርዝ ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበትን አሲታይልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይወጣ ያግዳል። ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላይለወጥ ስለሚችል በማሽተት አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ በዘይት የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን ለዚህ በሽታ ዳርጓል፤ የብዙዎቹም ሕመም በመጀመሪያ በሌላ በሽታ ተሳስቷል።

ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ መናገርና መዋጥ ማቃት ይከተላሉ። ከዚያም ድካሙ ከራስ ወደ እጅና እግር ይወርዳል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ከያዘ ይገድላል። ትኩሳት ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ሰው ይዘናጋል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ጓደኛ ካለ «ይተኛና ይሻለዋል» ሳይባል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ የበላው ምግብ ተርፎ ከሆነም ከነዕቃው አብሮ ይወሰድ። የመርዙ ማርከሻ የሚጠቅመው ቶሎ ሲሰጥ ነው፤ አስቀድሞ የሽባነት ጉዳት ከደረሰ ግን አይመልሰውም።

6/ የምንይዘው ደንብ

ሀ/ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ቅጠል የገባበትን በዕለቱ መጨረስ፤ ከተረፈ በማቀዝቀዣ ማኖርና ከአራት ቀን በላይ አለማቆየት።
ለ/ ማቀዝቀዣ የሌለን ከሆነ በደረቅ ቅመም ብቻ መሥራት፤ ነጭ ሽንኩርቱን በየዕለቱ ሳህን ላይ ማሸት።
ሐ/ በማቀዝቀዣ ውስጥ የወይራ ዘይት ቢረጋ አለመደንገጥ፤ አልተበላሸም፣ ጥቂት ከውጭ ሲቆይ ይመለሳል።
መ/ ከመቼ ጀምሮ እንደተቀመጠ የማይታወቅ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ዘይት ሳይቀምሱ መጣል።

ዘይት በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ መጣሉ እንደሚያሳዝን እናውቃለን። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ የሚበላውን ያህል ብቻ መሥራት።