መሣሪያው በነፃ፣ ጉድጓዱ በውድ

በቆቦና በራያ ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ለማልማት የሚነሣ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውኃ ነው። ከዞብል ተራሮች በስተምዕራብ የተዘረጋው ሜዳ ትልቁ ሀብቱ ከመሬት በታች ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

የቁፋሮ ቦታ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኪው ጂ አይ ኤስ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል። የስሌት ደረጃዎች በሣጥን ተሥለው በመስመር የሚያያዙበት ክፍልም አለው። አንዱ ባለሙያ የመሬቱን ተዳፋት፣ የአለቱን ዓይነትና የወንዙን ርቀት አጣምሮ የሚያሰላ ተጨማሪ መሣሪያ ሠርቶ ለሌላው ቢሰጥ፣ ተቀባዩ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ሠሪው ለሌላ አካባቢ የሰጠው ነጥብ ለራያ ደለል ላይሠራ ይችላል። በተጨማሪም የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ከተደባለቁ ቦታው 200 ሜትር ያህል ይስታል፤ ቁፋሮው በጎረቤት ማሳ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ስለዚህ ባለሀብቱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ነጥቡ የተሰጠው በምን መሠረት ነው? የካርታው መነሻ የትኛው ነው? ውጤቱስ የውኃ መጠናቸው በታወቀ የቆቦ ጉድጓዶች ተፈትኗል? ሣጥኖቹ ተከፍተው ስለሚታዩ ባለሙያው መልሱን በማያ ገጹ ላይ ማሳየት ይችላል። ማሳየት ካልቻለ ቁፋሮው ይቆይ።