ጠባሳ ያለበት ሁሉ ክፉ ነው?



በጥንቱ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ብዙ ጊዜ ፊቱን ሙሉ ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ልጆች ይህን ሥዕል እናውቀዋለን። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ማን ክፉ እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ካርቱንም እንዲሁ ነው። በዲዝኒ «አላዲን» (1992 እ.ኤ.አ.) ጃፋር ቀጭንና ሹል ነው፤ ገና ሳይናገር እንጠላዋለን። ችግሩ ጢሙና ጥምጣሙ ነው እንዳንል ሡልጣኑም ሁለቱም አሉት፤ ግን ድቡልቡል ስለሆነ እንወደዋለን! ቅርጹ ብቻ ፈረደ ማለት ነው። በ«ላየን ኪንግ» (1994 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የክፉው አንበሳ ስም ራሱ «ጠባሳ» ማለት ነው።

ሱረቱል ሙናፊቁን (63፥4) የሙናፊቆች ቁመና የሚያስደንቅ መሆኑን ይነግረናል። ስለዚህ ክፋት አምሮም ይመጣል። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው አላህ የሚመለከተው ልብንና ሥራን እንጂ መልክን አይደለም።

እኔ ይህን ሐዲስ መድረሳ ሳለሁ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዶርም ስገባ ግን ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን ልጅ አንድ ወር ሙሉ ሸሸሁት። አሁን ለሱብሒ የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው።