ለልብ የሚደርሰው ደም ሲጎድል፤ ሕመም ያለውና ሕመም የሌለው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ወቀሳውን የሚጥለው ሕመሙ እየተሰማው ለሰው ሳይናገር በሚቆየው በሽተኛ ላይ ነው። ነገር ግን በሽተኛው ምንም ሳይደብቅ፥ በሽታው ራሱ ከበሽተኛው የሚደበቅበት ጊዜ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ለልብ የሚደርሰው ደም ሲጎድል አንዱ በብርቱ ሕመም ሲጨነቅ ሌላው ምንም ሳይሰማው የሚውልበት ምክንያት ነው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንናገር። በአገራችን አነጋገር «ልቤን አቃጠለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ጨጓራውን ነው። በአንጻሩም የልብ ሕመም የያዘው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ይቀራል። እንዲሁም የልብ ደም ጎደለ ስንል ደም ማነስ የተባለውን በሽታ ማለታችን አይደለም። ደሙ በሰውነት ውስጥ ሳለ ወደ ልብ ጡንቻ የሚያደርሰው መንገድ ጠቧል ማለታችን ነው።

ልብም ደም ያስፈልገዋል

የሰው ልብ በአንድ ቀን አንድ መቶ ሺሕ ጊዜ ያህል ይመታል። ይህን ያህል የሚሠራው ጡንቻ የራሱን ምግብና አየር የሚያገኘው ከትልቁ የደም ቅዳ ቧንቧ ሥር ተነሥተው በላዩ ከሚዘረጉት ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎችና ከቅርንጫፎቻቸው ነው። ስማቸውም ኮሮናሪ ይባላል። በእነዚህ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስብ ሲከማች መተላለፊያው እየጠበበ ይሄዳል። ይህንንም የሚያፋጥኑት ትምባሆ፥ የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታና በደም ውስጥ የበዛ ስብ ናቸው።

ነገሩን በመስኖ ቦይ መስለን ብንመለከተው ይገባናል። ደለል የሞላው ቦይ ለአንድ መደብ ጎመን የሚበቃ ውሃ ያሳልፍ ይሆናል፤ እርሻው በሙሉ ውሃ በሚፈልግበት ቀን ግን አይበቃም። ልብም እንዲሁ ነው። ሰው ተቀምጦ ሳለ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል፤ ዳገት ሲወጣ፥ ሲቆጣ ወይም ከባድ ሸክም ሲያነሣ ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

የሚናገረው ሕመም

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1768 በለንደን ለሐኪሞች ጉባኤ ገልጦ አስረድቷል፤ ጽሑፉም በ1772 ታትሟል። ሕመሙ ሰውን ሲራመድ፥ ይልቁንም ዳገት ሲወጣና ከምግብ በኋላ ሲሄድ እንደሚይዘው፥ ቆም ሲል ደግሞ እንደሚለቀው ያስተዋለው እርሱ ነው።

ይህ አገላለጽ ለእኛ አገር ሰው የራቀ አይደለም። ከበሽሎ ቆላ ተነሥቶ ወደ ስማዳ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ደረቱ መካከል ድንጋይ እንደ ተጫነበት ሆኖ ይጨነቃል። ጭንቀቱ ወደ ግራ ክንዱ፥ ወደ አንገቱ ወይም ወደ መንጋጋው ይዘልቃል። ክንዱ ሳይታመም የሚያመው የልብና የክንድ ነርቮች ወደ አከርካሪው ገመድ የሚገቡት በአንድ በር ስለ ሆነ፥ አንጎል ከየት እንደ መጣ ለይቶ ለማወቅ ስለሚቸግረው ነው። መንገደኛውም ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ደቂቃ ሲያርፍ ሕመሙ ይተወዋል።

ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው «ምች መታኝ» ወይም «ቃር ነው» ብሎ ዳማከሴ ያስጨምቃል፤ ጠጥቶም ጋደም ይላል። ሕመሙም ያልፋል። ዕረፍቱ ያሻለውን ዳማከሴው አሻለው ይባላል። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ዳገቱ ላይ ሕመሙ ይመለሳል፤ መልእክተኛው ዳግመኛ በር ቢያንኳኳም የሚከፍትለት የለም።

ዝም የሚለው ጉድለት

ነገር ግን መልእክተኛው ጨርሶ የማይመጣበት ጊዜም አለ። በአሜሪካ አገር ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓመት በተጀመረው ጥናት 5,209 ወንዶችና ሴቶች ለብዙ ዘመን በየጊዜው ሲመረመሩ ኖረዋል። በ1984 በወጣው የ30 ዓመት ውጤት እንደ ተገለጠው፥ የልብ ጡንቻቸው በደም እጦት ከሞተባቸው ሰዎች መካከል ከአራት እጅ አንዱ የሚበልጠው የታወቀው በኢ.ሲ.ጂ. ምርመራ ብቻ ነበር። ኢ.ሲ.ጂ. የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። ሳይታወቅላቸው ከቀሩት መካከልም እኩሌታ የሚሆኑት ምንም ምልክት አልተሰማቸውም። ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን ያልታወቀው ሕመም ከታወቀው ያላነሰ አደጋ ያለበት መሆኑ ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? አንደኛ፥ ሕመም ከምልክቶች ሁሉ የመጨረሻው ነው። ደም ሲጎድል በመጀመሪያ የልብ ጡንቻ በሚገባ መላላት ያቅተዋል፤ ቀጥሎ የመኮማተር ኃይሉ ይደክማል፤ ከዚያ በኋላ በኢ.ሲ.ጂ. ላይ ለውጥ ይታያል፤ ሕመም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ አጭር ከሆነ ሕመም ሳይደርስ ያልፋል። ሁለተኛ፥ የስኳር በሽታ ብዙ ዓመት የቆየበት ሰው እግሩ እሾህ ሲወጋው እንደማይሰማው ሁሉ፥ የልቡም ነርቮች ሊጎዱ ይችላሉ። ሦስተኛ፥ ሕመምን የመስማት ኃይል በሰውና በሰው መካከል ይለያያል።

እኛም ከዚህ ስሕተት ለጥቂት የዳንንበትን ቀን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የስኳር በሽታ ያለባቸው አንድ አረጋዊ «ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ትንፋሽ አጠረኝ» ብለው መጡ። «ደረትዎን ያምዎታልን?» ብለን ጠየቅናቸው። «የለም ልጄ፤ ሕመም የለኝም፤ እርጅና ነው» አሉን። እኛም ሕመም የለም ማለታቸውን ይዘን ልንሸኛቸው ተነሥተን ነበር። ነገር ግን ከወር በፊት ያለ ችግር የሚወጡትን ዳገት አሁን ሦስት ጊዜ እያረፉ እንደሚወጡት ሲነግሩን ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። በኢ.ሲ.ጂ. ሲታዩ የልባቸው አንድ ወገን ቀደም ብሎ ተጎድቶ ተገኘ። ቀኑን እርሳቸውም፥ ቤተ ሰባቸውም አያውቁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ «ያምዎታልን?» ብለን ብቻ አናቆምም፤ «አምና ይችሉት የነበረውን ዘንድሮ ይችላሉን?» ብለን እንጨምራለን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሲራመድ የሚመጣ፥ ሲያርፉ የሚተው የደረት ጭንቀት ያለበት ሰው፥ ሕመሙ ቢተወውም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመሙ አዲስ ከሆነ፥ እየበረታ ከሄደ ወይም ዐርፎ ሳለም ከመጣበት ዕለቱን ወደ ሆስፒታል ይድረስ።

ሕመም የሌለበት ሰው ሁሉ የልብ በሽተኛ ነው ብለን ማስፈራራት አንፈልግም። ጤነኛውን ሁሉ ኢ.ሲ.ጂ. ማንሣትም ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ቧንቧው የጠበበ ሰው እንኳ ዐርፎ ሲመረመር ውጤቱ ደኅና ሊሆን ይችላልና። ይልቅስ አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ የደም ግፊቱንና ስኳሩን ያስለካ። ልኬቱ በዝቶ ከተገኘ «ምንም አላመመኝም» ብሎ መድኃኒቱን አይተው። የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ በዕድሜ የገፉና ሴቶች ያለ ደረት ሕመም የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር፥ ያልተለመደ ድካም፥ የማቅለሽለሽ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ሲያገኛቸው በቸልታ አይለፉት። ትምባሆ የሚያጨስ ይተው፤ ጨውና ቅባት ይቀነስ።

የደረት ጭንቀቱ በዕረፍት ካልተወና ከ15 ደቂቃ ካለፈ፥ ወይም ድንገተኛ ላብና የትንፋሽ እጥረት ካለበት፥ የልብ ጡንቻ መሞት ጀምሮ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በሽተኛውን በእግሩ ማስኬድ ጉዳቱን ያብሳል። መኪና ከሌለ በቃሬዛ ይያዝ እንጂ ዳገት አይውጣ። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የሚደማ ሕመም ያለበት ካልሆነ፥ አንድ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። ጠዋት ይታያል ብሎ ማሳደር አይገባም።

መምህራን ሆይ፥ ሕመም መልእክተኛ ነው። ሲመጣ አናባርረው፤ ሳይመጣ ሲቀርም ሰላም ነው ብለን አንተኛ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በዳገት የሚመጣ የደረት ሕመም ዳማከሴ ከተጠጣ በኋላ ቢተው፥ ያሻለው ዳማከሴው ነው ለማለት የማይቻለው ለምንድን ነው?

2. ለልብ የሚደርሰው ደም ሲጎድል ከሕመም በፊት የሚደርሱት ለውጦች እነማን ናቸው?

3. የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደረቱን አለመታመሙን ብቻ ይዞ «ልቤ ደኅና ነው» ሊል የማይችለው ስለ ምንድን ነው?

4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ፥ አምና ይወጣው የነበረውን ዳገት ዘንድሮ የማይወጣ ሰው አለን? ካለ ይመርመር ዘንድ ማን ይንገረው?