የታረደ ከብት ስለ መንጋው የሚሰጠው ምስክርነት

በቄራ ሥጋን መመርመር የበላተኛውን ጤና ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። የታረደው ከብት የተሰማራበትን ሜዳና የተያዘበትን ሁኔታ ይናገራልና፥ መርማሪው ያየውን ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

፩ኛ፤ በጉበት ውስጥ ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ትል ቢገኝ፥ ከብቱ በረግረግ መጋጡን ያስረዳል። ትሉ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ኋላ በሣር ላይ ይጣበቃልና። ስለዚህ ረግረጉን በቦይ ማድረቅ ወይም ማጠር ነው።

፪ኛ፤ በጉበት ወይም በሳንባ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ቢታይ፥ ከብቱ በመጣበት አገር ውሾች ጥሬ የሆድ ዕቃ እንደሚበሉ ይታወቃል። ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ሰውም ስለሚተላለፍ፥ የታመመው ሥጋ ይቃጠል፥ ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

፫ኛ፤ በልብ፥ በምላስና በመንጋጋ ሥጋ አተር የሚያህል የኮሶ ከረጢት ቢገኝ፥ ጥፋቱ የሰው ነው፤ ኮሶ ያለበት ሰው በግጦሽ ሜዳ መጸዳዳቱን ይመሰክራል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ማስቆፈር የሹም ሥራ ነው።

፬ኛ፤ በቆዳው ሥር በለዝ ቢገኝ፥ ከብቱ መደብደቡን ወይም መውደቁን ያሳያል። ቀይ ቢሆን የቅርብ፥ ወደ ቢጫ ያደላ እንደ ሆነ የቆየ ነው።

ነገር ግን ከብቱ ከወዴት እንደ መጣ ካልተጻፈ ይህ ሁሉ ምስክር ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ የመጣበት ቀበሌ፥ የባለቤቱ ስምና የተገኘው ምልክት በመዝገብ ይግባ፤ በየወሩም ለባለቤቱ ይነገር። የታመመውን ጉበት ጥሎ ዝም ማለት የአንድ ቀን ጉዳት ያስቀራል እንጂ መንጋውን አያድንም።